ሦስት ቀን ዝም ያለው መርማሪ

«አልወሰድኩም! በማርያም ይዣችኋለሁ፣ አልወሰድኩም!»

አዛለች ክሊኒኩ ግቢ መሃል ቆማ ትጮሃለች።

የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ሐዲስ ቦርሳዋን ዘርግፎ አንድ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ከፍ አድርጎ ያሳያል።

«ታዲያ ይሄ አንቺ ጋ ምን ይሠራል?»

«ለልጄ እርሳስ ማስቀመጫ ብዬ ከቆሻሻው ላይ ያነሳሁት ነው!»

ማንም አላመናትም...

ነገሩ የሆነው ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ የዛሬ ሰባት ዓመት ነው። የክሊኒኩን ስም ልተወው።

ከተቆለፈው ቁም ሳጥን ውስጥ ለከባድ ህመም የሚሰጥ መርፌ ሁለት ወር ሙሉ ሲጠፋ ቆይቷል። ሱስ የሚያሲዝ መድኃኒት ስለሆነ ነገሩ ቀላል አልነበረም።

ክፍሉን ጠዋት ጠዋት የምታጸዳው ደግሞ አዛለች ናት። ከአይከል መጥታ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት።

ፖሊስ ተጠራ።

የመጣው መርማሪ ዳኛው የሚባል ሰው ነበር።

ስለ ዳኛው ትንሽ ልንገራችሁ...

አንድ ጊዜ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሱቅ ተቃጠለ። ባለቤቱ «ተኝቼ ነበር፣ እሳቱ ነው የቀሰቀሰኝ» እያለ አለቀሰ። ዳኛው ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው።

«እሳት ቀስቅሶህ ስትሮጥ... የጫማህን ክር መቼ አሰርከው?»

ሰውየው ራሱ ማቃጠሉን እዚያው አመነ።

እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሌላው ሳምንት የሚፈጅበትን እሱ አንድ ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ ይደርስበታል። ሥራ ላይ እያለ መኪና ተገልብጦበት ዳሌው ተሰብሮ ነበር፤ ወራት ተኝቶ ዳነ፣ ቀኝ እግሩን ግን ይጎትታል።

ዳኛው ክፍሉ ውስጥ ገባ። ቁም ሳጥኑን አየ። ወለሉን አየ። ቁልፉ የሚሰቀልበትን ሚስማር አየ።

ምንም አላለም።

አብራው የምትሠራው ሳጅን ፅዮን ገረማት።

«ጋሼ ዳኛው፣ ሴትዮዋ ናት?»

«ቆይ እስኪ።»

አዛለች ታሰረች። አንድ ቀን አለፈ... ሁለት... ሦስት።

ዳኛው ይገባል፣ ይወጣል። ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ፅዮን «ወባ ይሆናል፣ ይታከሙ» ብትለው «ድካም ነው» አላት።

በሦስተኛው ቀን ቃሏን ሊቀበል አዛለችን አስጠራት። ገና ቁጭ እንዳለች፣ ሳትጠየቅ ተናገረች።

«አያ ዳኛው፣ እርስዎ የያዙት ነገር እውነቱ ይወጣል ይላሉ እዚህ የታሰሩት ሴቶች። የእኔስ ግድ የለም። ልጆቼን ግን ሰፈር ውስጥ የሌባ ልጆች እያሏቸው ነው። ምነው ዝም አሉ?»

ዳኛው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ፅዮንንና አለቃውን አንድ ቢሮ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ሌባው ተገኝቷል። ፅዮን፣ ጻፊ።»

ፅዮን ወረቀት አወጣች።

«የክሊኒኩ ሠራተኛ አይደለም፣ ታካሚ ነው። ማክሰኞና አርብ ይመጣል። ተራ ሲጠብቅ ቁልፉ የት እንደሚሰቀል አይቷል። ነርሷ ለምሳ ስትወጣ ይገባል። ሁሉም ስለሚያከብረው ምን ትሠራለህ የሚለው የለም።»

ፅዮን ትጽፋለች...

«ቁም ሳጥኑ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ጭረት አለ። አንድ ጫማ ብቻ የተጎተተበት። የቀኝ እግር ነው።»

የፅዮን እጅ ቆመ።

«ጻፊ እንጂ!»

«ጋሼ ዳኛው...»

«ስሙን ጻፊ። ዳኛው። የአባቱን ስም ታውቂዋለሽ።»

ከዚያ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ። ክንዱ ከላይ እስከ ታች በመርፌ ተበሳስቷል።

ዳሌው ሲሰበር ለህመሙ የተሰጠው መርፌ ነው። ስብራቱ ዳነ... ሰውነቱ ግን መርፌውን አልለቅም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ሰው እንኳ ሳያውቅበት።

አለቃው ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ይሄ ወረቀት ይቀደድ። ሴትዮዋን በማስረጃ እጦት እንለቃታለን። አንተ ትታከማለህ። አለቀ።»

ዳኛው ሊስማማ ምንም አልቀረውም ነበር።

«በማስረጃ እጦት ከወጣች ሰፈርተኛው ሌባ ናት እንዳለ ይኖራል» አለ በመጨረሻ። «ሌባው እከሌ ነው ተብሎ ነው መውጣት ያለባት።»

አዛለች በዚያው ቀን ተፈታች። ዳኛው ታሰረ።

ሥራውን አጣ፣ ማዕረጉን አጣ፣ ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደበት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እያስመለሰውና እየተንቀጠቀጠ እንዴት እንዳለፋቸው እሱም በደንብ አያስታውስም።

አንድ እሁድ «ጠያቂ መጥቶልሃል» ተባለ።

አዛለች ናት። ዳቦ ይዛለች።

«ይቅር ልትዪኝ ነው የመጣሽው?» አላት።

«አይደለም» አለችው። «እያወቁ ሦስት ቀን አሳሰሩኝ። እሱ ገና ከሆዴ አልወጣም። ግን ልጆቼ ቀና ብለው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ዳቦውን አስቀምጣ ሄደች።

በየወሩ ተመላለሰች። «ይቅር ብዬዎታለሁ» ያለችው በሰባተኛው ወር ነው።

ዛሬ ዳኛው አዘዞ ይኖራል። ከተፈታ በኋላ አንድ ጊዜ ወደ ሱሱ ተመልሶ እንደነበር አይደብቅም። ከዚያ ወዲህ ግን መርፌ ሳይነካ አራት ዓመት ሆኖታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱስ መውጣት ከሚፈልጉ ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ ያወራል።

ይሄን ታሪክ ከራሱ አፍ የሰማሁት እዚያ ነው...

አዎ፣ እኔ የዚህ ገጽ አድሚን ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ነበርኩ።

ወገኖቼ፣ ሱስ ጎበዝና ሰነፍ አይመርጥም። ስንደብቀው ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም ምንም የማያውቅ። እውነቱን ዘግይቶ መናገር ከጥፋት ነፃ አያደርግም። ቢሆንም የአንድን ሰው ስም ከመሬት ያነሳል።

እስኪ ከልባችሁ መልሱልኝ...

አለቃው በሩን ዘግቶ «ወረቀቱ ይቀደድ» ያላችሁ እናንተን ቢሆን ምን ትሉት ነበር? አዛለችን ብትሆኑስ... ዳቦ ይዛችሁ ትሄዱ ነበር?