የኤልዳድ ሦስት መቶ አርባ ሐረጎች

የሞተ ባልደረባችሁን ስም በገዛ እጃችሁ አጥፍታችሁ ታውቃላችሁ? አናውቅም ለማለት አትቸኩሉ። የሟቹ የኤልዳድ ባልደረባ ልዩም እስከ ዛሬ ሁለት ሳምንት ድረስ አላውቅም ባይ ነበረች።

አሁን ካሳንቺስ፣ አንድ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አዳራሽ፣ ከኤልዳድ እናት ጎን ተቀምጣ እጇን የምታስገባበት አጥታለች። እማማ መብርሂት ከኦሎምፒያ በእግራቸው ነው የመጡት። የልጅዎ ሥራ ለሕዝብ ይቀርባል ተብለው ተጠርተዋል። የጠራቻቸውም ልዩ ናት።

መድረኩ ላይ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ዶክተር ሃብተአብ ማይክ ይዞ ይንጎራደዳል። ሥራው ለኮምፒውተር የተጻፈ ሰዋስው ነው፤ ማሽኑ አንዱን ሐሳብ በአማርኛም በትግርኛም በኦሮምኛም ሳይደናቀፍ እንዲናገር። ኤልዳድ የያዘው የስም ሐረጉን ክፍል ነበር፦ «ያ»፣ «እነዚህ»፣ «ሁለቱ» የሚሉት ቃላት በየቋንቋው የት እንደሚቀመጡ፣ ከስሙ ጋር እንዴት እንደሚስማሙ። ለሚያየው ቀላል ይመስላል። አማርኛ «ትልቁ ቤት» ብሎ ከ«ትልቅ» ኋላ የሚያንጠለጥለውን «ኡ»፣ ትግርኛ «እቲ ዓቢ ገዛ» ብሎ በ«እቲ» ከፊት ያስቀድመዋል፤ ሁለቱን በአንድ ሕግ ማሳደር አራት ዓመት በልቶበታል።

ከመጽሐፍ የተቀዳ ምሳሌ አይወድም ነበር። «ሰው ሳያስበው ያመለጠውን ነው የምፈልገው» ይል ነበር። ሦስት መቶ አርባ ሐረግ እንዲህ ከሰው አፍ ለቅሞ፣ በእያንዳንዱ ሥር ሰብሳቢ ብሎ ስሙን አሰፈረ። የመሥሪያ ቤቱ ወግ ነው፤ ስም የሌለው ምሳሌ አይታመንም።

«እስቲ ይህቺን ተመልከቱ» ይላል ሃብተአብ። ስክሪኑ ላይ «ያቺ እጀታዋ የተሰበረ ሰማያዊ ጃንጥላዬ» የሚል ይወጣል፤ ከሥሩ ትግርኛው።

እማማ መብርሂት የልዩን ክንድ ጨበጥ ያደርጋሉ። «ውይ! የኔ'ኮ ናት!»

«ምኗ፣ እማማ?»

«ንግግሯ ነዋ! ጃንጥላዬን ለገሃር ታክሲ ውስጥ ጥሎ መጥቶ፣ ስቆጣው ያልኩት ነው። ‹እማ፣ እስቲ ድገሚው› ብሎ ወረቀት አያወጣም መሰለሽ? እኔ እቆጣለሁ፣ እሱ ይጽፋል! በቃ፣ ሳቄ መጣና ተውኩት።»

ፊታቸው በርቷል። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ልዩ ይህን ፊት አላየችውም። ከዚያ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው፣ ከሐረጉ ሥር ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ያነባሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሰብሳቢ፦ ዶ/ር ሃብተአብ።

«ልዩዬ» ይላሉ ዝግ ብለው፤ «ይሄ ሰውዬ እኔ ቤት መጥቶ ያውቃል እንዴ?»

መልሱን ልዩ ታውቀዋለች። ከኤልዳድ የአርባ ቀን ተዝካር በኋላ በነበረው ሰኞ፣ የሟች ሠራተኛ አካውንት ይዘጋ የሚል ቅጽ ጠረጴዛዋ ላይ መጣ። ሌላ ሰው እንዳይነካካው ብላ፣ እያለቀሰች፣ ራሷ ዘጋችው። በር የዘጋች ነበር የመሰላት። ሲስተሙ ግን ባለቤት ያጣውን ሁሉ ለአለቃ ያወርሳል፤ ሦስት መቶ አርባውም ሐረግ በአንድ ጠቅታ በሃብተአብ ስም ዞረ። ከሁለት ሳምንት በፊት ስታየው ወደ ቢሮው ሮጠች። «አስተካክለዋለሁ» አላት። «አንቺም ባታወሪው ይሻልሻል፤ የዘጋሽው አንቺ ነሽ።» አምኜው ነው ዝም ያልኩት ትላለች ለራሷ። ውሸቷን ነው። ፈርታ ነው።

ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አውጥታ ትጠይቃለች፤ «ዶክተር፣ እንዲህ ያለ ሕይወት ያለው ምሳሌ ከየት አገኙት?»

ሃብተአብ ፈገግ ይላል። «ማለቴ... ጆሮን መክፈት ነው ዋናው። ስንት ዓመት የሰው ቤት እየዞርኩ ለቀምኩት።»

አዳራሹ ያጨበጭባል።

እማማ መብርሂት አያጨበጭቡም። ቦርሳቸውን ከወለሉ አንስተው ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ፣ ዚፑን ይዘጋሉ። «ልሂድ፣ ልጄ» ይላሉ። «የኤልዳድ ሥራ ሌላ ይሆናላ። እኔ ነኝ ያልገባኝ።»

አጠፋሽ ቢሏት በቻለችው ነበር። ቢጮሁባት፣ ቢረግሟት ትችለው ነበር። እኚህ ሴት ግን ልጃቸውን ራሳቸው መጠራጠር ጀመሩ፤ አራት ዓመት ሙሉ የሠራውን ልጅ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው።

ልዩ ትነሳለች። ማንም ማይክ አልሰጣትም።

«ዶክተር! የኤልዳድን ስም ከሥራው ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አካውንቱን በዚህ እጄ ዘጋሁት፣ ከዚያም አውቄ ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። ነገ ብታባርሩኝም አልፈርድባችሁም።»

ጭብጨባው ይቋረጣል። ሃብተአብ ማይኩን ከአፉ ራቅ ያደርጋል። «ልዩ፣ በሻይ ሰዓት እናወራዋለን።»

«የለም!» ልዩ አትቀመጥም። «እኚህ እናቱ ናቸው። ልሂድ እያሉኝ ነው። ሳይሄዱ፣ ይሄ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ በያዙት ማይክ ይመልሱላቸው፦ ይህን ሥራ የሠራው ማን ነው?»