ለሠርጉ የተገዛው ጫማ

በእንግሊዝ አገር ያረጁ ቤቶች ብቻቸውን መቅረት እምቢ ካሉ ወዲህ፣ በራቸው የመጨረሻውን ሰው አያስወጣም። ወይዘሮ ትርንጎ መጠጥ ቤት ያደረጉት የመሳፍንት ቤትም እንደዚያው ነው። ጠጪው ሳይመሽ እየተሽቀዳደመ ይወጣል፤ እሳቸው ይቀራሉ።

ዛሬ ልጃቸውን ማዶ ሆስፒታል ምጥ ይዟታል። ቤት ውስጥ የቀረው ያገራቸው ልጅ ወንድይራድ ብቻ ነው፤ እሱም ካፖርቱን ለብሷል።

«ቁጭ በል» አሉት በሩ ላይ ቆመው። «ልጄን አይቼ እስክመጣ።»

«ባይመለሱስ፣ እትዬ? ይህን ቤት የሸጠልዎትም ሰውዬ ‹መጣሁ› ብሎዎት ነው የወጣው።»

«እኔን ከዚያ ውሸታም ጋር ታወዳድረኛለህ? ቢራ እንጂ ምጥ የት ይገባሃል።»

ይህን እያሉ አንድ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው የጫማቸውን ክር አሰሩ። ለልጃቸው ሠርግ የገዙት ጫማ ነው፤ ሠርጉ ካለፈ ዓመት ሆኖታል። ከተረከዙ ላይ የሱቁ ወረቀት እንኳ አልተላጠም።

ወንድይራድ ወረቀቱን አየና ካፖርቱን አውልቆ ተቀመጠ።

«ግን ይመለሳሉ፣ አይደል?»

ሴትዮዋ በሩን ከፈቱ። የመለሱለት ደጃፉን ከተሻገሩ በኋላ ነው።

«መጣሁ» አሉት፣ ዞር ሳይሉ።