የእትዬ የሻረግ ሰዓት

«አያ ዘገዬ፣ ማዛል ቶቭ፣ እንኳን ደስ ያለዎ! ሙሽራይቱስ ማን ናት?» አልኳቸው፣ «ለሚስቴ የወርቅ ሰዓት አብረን እንምረጥ» ቢሉኝ።

«የምን ሙሽራ አመጣህ? ለየሻረግ ነው እንጂ።»

ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። እትዬ የሻረግን ከቀበርን ዓመት ሊሞላን ነው። አያ ዘገዬ እዚህ እስራኤል፣ አድ ሃሎም ፋብሪካ ሲሠሩ ሃያ ዓመት ሙሉ «ለከርሞ እገዛልሻለሁ» ሲሏቸው የኖሩትን ሰዓት፣ አሁን ለሙት ዓመታቸው ሊያደርሱ ነው።

ሱቁ ውስጥ ግማሽ ቀን መረጡ። «ዓይኗ ደካማ ነው» ብለው ቁጥሩ ጎላ ያለውን ወሰዱ። ሻጯ በእስራኤል አቆጣጠር አስተካክላ ሰጠችን፤ ከእትዬ የሻረግ ፎቶ ሥር ከነሳጥኑ አስቀመጥነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ በእስራኤል አሥር ሰዓት ላይ፣ ጠሩኝ። የወርቁ ሰዓት አራት ይላል። እትዬ የሻረግ ዕድሜ ልካቸውን የቆጠሩት እንዲህ፣ እንደ አገር ቤት ነበር።

«ራስዎ አዙረውት ረስተውት ነው፤ እርጅና!» ብዬ ቀለድኩባቸው። አሥር ላይ መለስኩት፤ ሳጥኑን ዘግቼ ጭኔ ላይ ያዝኩት። ወዲያው ስከፍተው አራት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ይላል።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«አትልፋ» አሉኝ። «እኔም ሃያ ዓመት ላስለምዳት ሞክሬ አልሆነልኝም።»