ቀዩ ላባ

ለወንዝ ጽዳቱ የመጣው ሊቀመንበሩ ብቻ ነበር። የዓሣ አጥማጆቹን ክበብ ያለ ደሞዝ ሲመራ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ዛሬም ጎንበስ ቀና እያለ የዳር ዳሩን ፕላስቲክ ሲለቅም አረፈደ። ከአባላቱ አንዱ ለቅሶ አለብኝ አለው፤ ሌላዋ እንግዳ መጣብኝ። ምክትሉ ማስረሻ ደግሞ በማለዳ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ወገቤን ይዞኝ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ» አለ። ትናንት አመሻሹን ከገዛ አውራ ዶሮው የነቀለውን ቀይ ላባ ዓሣ እንዲያታልል ዝንብ አስመስሎ መንጠቆ ላይ አስሮ፣ «ነገ ከጽዳቱ በኋላ እንሞክራታለን» ሲል የነበረው ሰውዬ!

«ሁለተኛ ሊቀመንበር ብሆን ከምላሴ ፀጉር ይነቀል!» አለ ሊቀመንበሩ፣ የመጨረሻውን ጆንያ እያሰረ።

ንዴቱ ቢበርድለት ብሎ ዘንጉን አወጣና ክሩን ወረወረ። አንድ ትልቅ ዓሣ ወዲያው ያዘለት። በክበቡ ደንብ መሠረት መልሶ ሊለቀው አፉን ቀስ አድርጎ ከፈተ። ከራሱ መንጠቆ አጠገብ የተበጠሰ ክር የተንጠለጠለበት ሌላ መንጠቆ ተሰክቷል፤ ላዩ ላይ ቀይ የዶሮ ላባ ታስሯል።

ስልኩ ጮኸ። ማስረሻ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅር በለኝ፤ አሁንም እንደተኛሁ ነኝ። ጽዳቱ እንዴት ሆነ?»

«አለቀ። ልጠይቅህ እየመጣሁ ነው፤ ዓሣው ዕቃህን ልኮልሃል።»