የዘመድ ምስክር

እስከ ትናንት ልዑል የነበሩት ሰው፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ መሀረባቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። የሕዝብ ወንበር ያሳክካቸዋል። ከጦርነቱ በኋላ የጃፓን ንጉሠ ነገሥት የጎን ዘመዶች ማዕረጋቸው ተገፎ እንደማንኛውም ዜጋ እንዲመዘገቡ ታዟል። መዝጋቢው ክርኑ ላይ የተጣፈ ኮት ለብሷል። «የዓሣ ነጋዴ ልጅ መሆን አለበት» አሉ በልባቸው።

«የቤተሰብ ስም?» አለ መዝጋቢው።

«እኛ የቤተሰብ ስም ኖሮን አያውቅም። ስም የሚያስፈልገው እንዳንተ ላለው ነው።»

መዝጋቢው ቀና ሳይል የቤታቸውን መጠሪያ በስም ቦታ ጻፈ።

«እርስዎን የሚያውቅ፣ እኛ ዘንድ የተመዘገበ የሥጋ ዘመድ ምስክር ያስፈልጋል።»

ልዑሉ ሳቁ። «የኔ ዘመድ እናንተ መዝገብ ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል!»

እርግጥ አንድ ታናሽ ወንድም ነበራቸው። በቤታቸው ወግ ታናሽ ልጅ የቤተሰብ ስም ተሰጥቶት ከንጉሣዊው ዘር ይወጣል፤ እሱም ሚዙሂራ የሚል የቤተሰብ ስም ተሰጥቶት ወጣ። ከወጣ ወዲህ በዋናው በር አስገብተውት አያውቁም። የሞተ ጊዜም «ሚዙሂራ የሚባል ሰው አላውቅም» ብለው የመርዶውን ደብዳቤ ሳይከፍቱ መልሰውታል።

«ምስክር የለኝም» አሉ አፍንጫቸውን ነፍተው። «ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

መዝጋቢው መሳቢያውን ከፈተ፤ የቤተሰብ ስሙ የተቀረጸበትን የራሱን ማኅተም አውጥቶ ቀይ ቀለም አስነካና «ዘመድ» በሚለው ቦታ ላይ መታው። ከጎኑም ሁለት ቃል ጽፎ ወረቀቱን በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

ልዑሉ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፦ «ሚዙሂራ፤ የወንድም ልጅ።»