የአትሮኖሱ ጠርዝ

«ይኼኛው!» አሉ የኔታ ፈንታሁን፣ ሕይወት በእንጨት ሥራ ቤቷ ከደረደረቻቸው የጠርዝ መቅረጫ ፑንታዎች መካከል በጣም የተጠማዘዘውን አንስተው።

ሕይወት ሳቋን ዋጠች። በየፑንታው ቆርጣ ያሳየቻቸው ናሙናዎች ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ አንዱ ጠርዙ ልሙጥና ድቡልቡል፣ የኔታ የመረጡት ግን ቦይ በቦይ ላይ የተደራረበበት። በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጸው ሲኤንሲ ማሽን ላይ የታሰረው የዋንዛ ሳንቃ ደግሞ አንድ ለእናቱ ነው። ንፋስ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከጣለው ዛፍ ምስጥ ያልበላው እሱ ብቻ ነበር። ከተበላሸ ለቡሄ አዲስ አትሮኖስ የለም። «የቤተ ክርስቲያን ዕቃ በማሽን አይሠራም» ያሉትን ሽማግሌዎች ተከራክረው ሥራውን ያሰጧትም የኔታ ስለሆኑ፣ እሳቸውን ማሳፈር ያስፈራታል።

«የኔታ፣ ይኼ አይበዛም?»

«የታችኛውን ደብር አትሮኖስ አላየሽም? የደብሩ መሪጌታ፣ አብሮ አደጌ በላይነህ፣ ጌጡን በጣቱ እየዳበሰ ዐይን ዐይኔን ሲያየኝ ነው የዋለው። ለበዓሉ እኛ ዘንድ ይመጣል።»

«ለእልህ ነዋ!»

«ለክብረ በዓል ነው!» አሉ፤ ሳቃቸው ግን አመለጣቸው።

ሕይወት ፑንታውን አጥብቃ አሰረች። ማሽኑን ልታስነሳ ስትል መብራት ድርግም አለ። ከጉና ተራራ የወረደው ጭጋግ መስኮቱን ስለደፈነው በእኩለ ቀን ቤቱ ጨለመ። ስልኳን ስትፈልግ የኔታ ቀደሟት፤ ከኪሳቸው ጧፍ አውጥተው ለኮሱ።

«ኧረ የኔታ፣ እሳት! ሰጋቱራ ላይ ነን እኮ!»

«ጧፍ ይዤ ነው ያረጀሁት፤ አትስጊ።»

የመረጡትን ናሙና ሊያደንቁ ጎንበስ ሲሉ ሰሙ ጠብ፣ ጠብ አለና ቦዩ ውስጥ ገባ። በጥፍራቸው ፋቁት፤ አልወጣም። በጋቢያቸው ጫፍ ቢያሹት ጭራሽ ተጋገረ። ሕይወት ልሙጡን ናሙና አቀረበችላቸው። እዚያም ላይ አንጠባጠቡ። ሲደርቅ በአውራ ጣታቸው ገፋ ቢያደርጉት እንደ ምስር ፍሬ ተፈናጥሮ ወደቀ።

በማኅሌት ሌሊት አትሮኖሱ ላይ ስንት ጧፍ እንደሚንጠባጠብ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

«አይ እልህ!» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «በላይነህ ይኼን ቢያይ ዕድሜ ልኩን ሲስቅብኝ ይኖር ነበር።» ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

መብራት ሲመጣ ሕይወት ድቡልቡሉን ፑንታ አሰረች። ማሽኑ እየጮኸ ሳንቃውን ዞረው። የዋንዛው ጠርዝ ሳይሰነጠቅ፣ ሳይሸረፍ ልስልስ ብሎ ወጣ፤ ልቧም ያኔ ተመለሰ። የኔታ በመዳፋቸው ዳር እስከ ዳር ዳሰሱትና «እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ።

ከዚያ ግን የተፈታውን ጠማማ ፑንታ አንስተው ያገላብጡት ጀመር።

«ሕይወት፣ ከታች እግሮቹን የሚያያይዘው ጣውላ ላይ ሰም አይደርስም አይደል?»

«አይደርስም፣ ሳንቃው ይከልለዋል። ግን እዚያ ታች ጌጡን ማን ያየዋል?»

የኔታ ፑንታውን በእጇ አስጨበጧት።

«በላይነህ፣ ሲሰግድ።»