የሻሚል ተራ

ሚኒባሱ ሸኮን አልፎ ወደ ሚዛን ሲቆለቆል፣ ሬዲዮው የሲሞንን የዱሮ ድምፅ ይለቀዋል።

«ቡና አጠጥቼ ነው ከተማውን ያነቃሁ፣
ቴፒን ያላያችሁ፣ ይኸው እኔ መጣሁ!»

ከኋላ ያሉት ተማሪዎች በሣቅ ይሞታሉ። «ይሄ ደግሞ ከየት ተገኘ? ራፕ መሆኑ ነው?» ይላል አንዱ። ሲሞን ኮፍያውን ወደ ዐይኑ ዝቅ ያደርጋል። እውነታቸውን ነው፤ ከጉራ በቀር ምንም የለበትም። አንድ ክረምት ሙሉ ከየሻይ ቤቱ የማይጠፋ ዘፈን ነበር፤ ከዚያ የበላው ጅብ አልጮኸም።

ዛሬ ሲሞን ወንጌላዊ ነው። ጌታን ያገኘ ሰሞን ካሴቶቹን በሙሉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አቃጥሏል፤ ምእመኑም እልል ብሎለታል። አሁን ከማሻ ጉባኤ እየተመለሰ ነው። ድካሙ አጥንቱ ድረስ ገብቷል። ማንም ሳያውቀው ዘፈኑ ቢያልቅለት እንዴት በወደደ!

አጠገቡ እማማ ቱርከያ ያንቀላፋሉ። ዐይናቸውን ሊታከሙ ሚዛን እየሄዱ ነው፤ ቴፒ መናኸሪያ ነው የተገናኙት። የሻሚል እናት ናቸው፤ ዘፈኑን ከሲሞን ጋር የዘፈነው የሻሚል። በዓመቱ ወባ ቀጠፈው። ባላቸው ሐጂ ዐብዱልጀባር ዘፈን የሚባል ነገር ደጃፋቸው ስለማያስደርሱ፣ እማማ ቱርከያ የልጃቸውን ዘፈን አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም።

ይኼ ለሲሞን ብልጭ የሚልለት ገና አሁን ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የሻሚል ተራ ነው። ክንዳቸውን ነካ አድርጎ ሊቀሰቅሳቸው ሲል፣ ሾፌሩ ፈንታው በመስታወቱ ያየውና ይደነግጣል፤ እጁን ልኮ ሬዲዮውን ጥርቅም ያደርገዋል።

«ይቅርታ ወንጌላዊ! እርስዎ መኖርዎን ረስቼ ነው።»

«ግድ የለም ፈንታው፣ ተወው።»

«ኧረ በፍጹም!»

«ምንም አይደለም ስልህ፣ ክፈተው።»

«እርስዎማ ትሑት ነዎት። ማክበር ያለብን እኛ ነን።» ፈንታው መዝሙር ያለበትን ፍላሽ በጣቱ ይፈልጋል።

ሲሞን የሰው ጨዋነት እንደዚህ አስጠልቶት አያውቅም። ሌላ ቀን ቢሆን እሱም ያው ነው፤ እንብላ ሲሉት እየራበው ጠግቤያለሁ የሚል ሰው ነው። ጋቢና ደግሞ የመዘምራኑ መሪ በየነች ተቀምጣለች። እሷ የሰማችውን ነገ ሚዛን፣ ከነገ ወዲያ ማሻ ይሰማዋል። ያቺ እሳት፣ ያ ሁሉ እልልታ፣ ያ ሁሉ የመድረክ ምስክርነት! ግን ሻሚል እየሄደ ነው።

«የኔ ዘፈን ነው!» ጩኸቱ ራሱን ያስደነግጠዋል። «የዘፈንኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ የእማማ ልጅ ነው የሚመጣው። ክፈተው በናትህ!»

በየነች ዞር ብላ፣ የማታውቀውን ሰው እንደምታይ ታየዋለች። ፈንታው ሬዲዮውን ይከፍታል።

የሻሚል ተራ ተጋምሷል። ቃሉን በቃል ላይ እየደራረበ ይሮጣል፤ አሁን የሚስቅ ተማሪ የለም። እማማ ቱርከያ ነቅተዋል። ሻሻቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው ወደ ፊት ዘንበል ብለዋል። ከዚያ ዘፈኑ ያልቃል፤ የፕሮግራሙ አቅራቢ የዘፋኞቹን ስም የሚያውቅ ካለ እንዲደውልላት ጠይቃ ወደ ማስታወቂያ ታልፋለች።

ሲሞን የእማማን ፊት ለማየት ይፈራል። የዚያ ሁሉ ጥድፊያ ትርጉም ካልገባቸው ቀስ ብሎ ሊያስረዳቸው ይዘጋጃል።

«ጉንፋን ይዞታል» ይላሉ።

«እ?»

«አፍንጫው ተደፍኗል እኮ። አትሰማውም? ያን ለት አሞት ነበር እንዴ?»

ሲሞን ያን ቀን፣ ዘፈኑን አዲስ አበባ ሄደው ሲቀዱ፣ አንድ ማይክራፎን ለሁለት ይዘው፣ ከሻሚል ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ነበር የቆመው። የሚያስታውሰው ነገር የለም።

«እዚያ አዲስ አበባ» ይላሉ እማማ ቱርከያ፣ «ትኩስ ነገር የሚሰጠው ሰው ነበር?»